ፍርዱ ከምርመራው ሲቀድም

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የፈነዳው የእጅ ቦምብ ሁለት ሰዎችን ገድሎ ከመቶ በላይ አቆሰለ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባለሙያዎች ለእገዛ መጡ። መልካም፤ ከዚያስ? መስከረም 2011 ላይ ዐቃቤ ሕግ የተጠርጣሪዎቹ ፍላጎት አገሪቱ በኦነግ እንድትመራ ነበር አለ። ኅዳር ላይ ያው መሥሪያ ቤት ጥቃቱን የመራው የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት ከፍተኛ አመራር ነው ሲል መግለጫ ሰጠ። ሁለቱ ሊታረቁ ይችሉ ይሆናል፤ የሚያስታርቃቸው ግን ችሎት እንጂ ጋዜጣዊ መግለጫ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም ጉዳዩ በችሎት ሳለ በቴሌቪዥን መታየቱን ያወገዙ አንዳንድ ባልደረቦቼ ለዚህኛው ማጨብጨባቸው ይደንቀኛል።

ተጠርጣሪው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ከሆነ መርማሪው ሊሆን አይችልም። ኖርዌይ ከሐምሌው ጥቃት (በአውሮፓውያኑ 2011) በኋላ ገለልተኛ ኮሚሽን አቋቁማ፣ ኮሚሽኑ በዓመቱ የራሷን ፖሊስ ክፉኛ የተቸ ሪፖርት ለሕዝብ አወጣ።

እኔ ይህን የምጽፈው ከወላይታ ሶዶ ነው። ነሐሴ 2012 ላይ እዚህ ሰው የሞተው በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ነው። ድርጊቱ «ሽብር» አልተባለም፤ መርማሪን የሚመለከተው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ኮሚሽኑ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ይሁን፤ የተኩስ ትእዛዝ የሰጠውን በስም ይጥቀስ፤ ሪፖርቱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በወላይትኛም ይታተም።