ከአበባው ፎቶ በፊት

በመጋቢትና በሚያዝያ የደቡብ ካሮላይናዋ ቻርለስተን በአበባ ትደምቃለች፤ አሜሪካ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ፎቶዋን ሲለጥፉ ማሻአላህ እንላለን። ግን የባሪያ መርከቦች ሰው ያራግፉ የነበረው እዚሁ ወደብ ላይ ነው። የፉታ ቶሮው ዑመር ኢብን ሰዒድ፣ 25 ዓመት ያህል ዒልም የቀሰመ ሰው፣ በፈረንጆቹ 1807 እዚህ ተሸጠ። በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ሲጽፍ የጀመረው በሱረቱል ሙልክ ነው። ሰው ሰውን «ንብረቴ» በሚልበት አገር፣ ንግሥና የአላህ መሆኑን በምትናገረው ሱራ! ያውም ከ24 ዓመት ባርነት በኋላ። (ክርስትና ተነስቷል ተብሎም ተጽፏል፤ የልቡን አላህ ያውቃል።) ታዲያ «እስልምና አሜሪካ የገባው ትናንት በስደተኛ ነው» ሲሉን ለምን ዝም እንላለን? መርከቦቹ ይቆሙበት በነበረው ጋድስደን ዋርፍ ከ2023 ጀምሮ ሙዚየም ተከፍቷል። የምትሄዱ መጀመሪያ እዚያ ቁሙ፤ ፎቶውንም ከዚያ ላኩልን።