«የማን ልጅ ነህ?»

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የተማሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቦታ አንድ ክርክር አይታጣም። ይኸውም «ሰው ለሥራ ሲቀጠር ችሎታው ብቻ ይታይ፤ ለሴት ወይም ለእገሌ ብሔረሰብ ተብሎ ቅድሚያ መስጠት አድልዎ ነው» የሚል ነው። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ሚዛኑ ቀድሞ ቀጥ ብሎ የቆየ ያስመስላሉና ሐሰቱ ከዚህ ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ቅድሚያ የሰጠው ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ ነበር እንጂ ለሰነፍ አልነበረም። እኔስ ቅር የሚለኝ ሕጉ ማነሱ ነው። ሴትን፣ አካል ጉዳተኛን፣ በመሥሪያ ቤቱ በቁጥር ያነሰውን ብሔረሰብ ቈጠረ፤ የቀጥቃጩን፣ የቆዳ ፋቂውንና የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ግን አልቈጠረም። እነዚህ ቋንቋቸውም ብሔራቸውም የእኛው ስለ ሆነ በብሔር መዝገብ ቢፈለጉ አይገኙም። እርግጥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ሰው እንዳይለይ ይከለክላል፤ ግን ማን ያስታውሰዋል?

አርብ ገበያ የወጣ ገበሬ ማረሻውን ከቀጥቃጭ፣ እንስራውን ከሸክላ ሠሪ ይገዛል፤ ቤቱ ሲገባ ግን «ቡዳ ናቸው» ብሎ ለልጁ ይነግራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አስጐትተዋል። መድፉን የሠራው ፈረንጅ በንጉሥ ፊት ሲከበር፣ ያገሩ ብረት ሠሪ «ጠይብ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። እሳቱም ብረቱም አንድ አይደለምን? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ከአደባባይ ቢሸሽም ጓዳ ገብቶ ተቀመጠ፤ ከጓዳም ወደ ቢሮ ተሻገረ።

አንድ የሸክላ ሠሪ ልጅ የሆነ ተማሪዬ ለመዝገብ ቤት ሥራ ተወዳድሮ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጣ። በቃል ፈተናው ግን ስለ መዝገብ አያያዝ የጠየቀው የለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ተባለ። ሥራው ለሁለተኛው ተሰጠ። «ችሎታ ብቻ» ባዮቹ በዚያ ቀን ድምፃቸው አልተሰማም።

ቅድሚያ መስጠት የዘመድ መጠቃቀሚያ ይሆናል የሚለው ስጋት እውነት አለበት፤ ሲሆንም አይተናል። ዳሩ ግን ዘመዱን የሚቀጥር ሹም ያለ ሕጉም ሲቀጥር ኖሯል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1950 ባጸናችው ሕገ መንግሥት፣ በትውልዳቸው ለተናቁት ሰዎች የመንግሥት ሥራ ቦታ እንዲጠበቅላቸው ፈቅዳለች። እኛስ የናቅናቸውን በስማቸው ጠርተን በሕግ ለመጻፍ ምን ያሳፍረናል?

እስከዚያውም ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ስም የአባትን ማንነት ይናገራልና የፈተናው ወረቀት በቁጥር ይታረም። የቃሉም ጥያቄ አስቀድሞ ተጽፎ ለሁሉም አንድ ይሁን። አንደኛውን ትቶ ሁለተኛውን የቀጠረ ሹም ምክንያቱን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ።