ወተት ነው ወይስ ለስላሳ መጠጥ?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በፋብሪካ ተዘጋጅቶ፣ ስኳርና ጣዕም ተጨምሮበት ለገበያ ለሚቀርበው ወተት ስም የሚያወጣለት ግን የግብር ሕግ ነው። ሕጉ «ወተት» ካለው እንደ ምግብ ይቆጠርና ግብሩ ይቀልለታል፤ «መጠጥ» ካለው ደግሞ ከለስላሳ መጠጦች ጋር ይመደብና ግብሩ ይከብድበታል። ነገሩ ሲሰሙት የነጋዴና የሒሳብ ሠራተኛ ጭቅጭቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ለልጇ ምሳ ዕቃ አንድ ጠርሙስ ወተት የምትገዛ ሠራተኛ እናት ከዋጋው ጋር የምትከፍለው ግብር በዚሁ ስም የሚወሰን በመሆኑ ጉዳዩ የቤተሰብም ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ በሕንድ አገር የተደረገው ክርክር ብዙ ያስተምራል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ የዕቃና የአገልግሎት ግብር ስትዘረጋ ተራው ትኩስ ወተት ከግብር ነፃ ሆነ። ስኳርና ጣዕም የገባበት ወተት ግን «ወተት ያለበት መጠጥ» ነው ተብሎ 12 በመቶ እንዲከፈልበት የግብር ባለሥልጣኖች ያዙ። አምራቾች በበኩላቸው ጥቂት ስኳርና ማጣፈጫ ስለተጨመረበት ወተትነቱ አይጠፋም፣ ሊከፈልበት የሚገባው 5 በመቶ ብቻ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ፓርሌ አግሮ የተባለው ኩባንያ ባቀረበው አቤቱታ የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 ጣዕም የተጨመረበት ወተት ከወተት ክፍል እንጂ ከመጠጥ ክፍል አይደለም ሲል ፈረደ። በመጨረሻም የአገሪቱ የግብር ምክር ቤት ወተት ያለባቸውን መጠጦች ሁሉ ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ 5 በመቶ ዝቅ አደረጋቸው። ይህ እስኪሆን ከ8 ዓመት በላይ አልፏል።

የእንግሊዝ አገሩ ደግሞ ከዚህ ይብስ ያስገርማል። በዚያ አገር ለአብዛኛው ምግብ የተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፈልም፤ ለመጠጦችና ለመጠጥ ማዘጋጃ ዱቄቶች ግን 20 በመቶ ይከፈላል። ወተትና ከወተት የተዘጋጀ መጠጥ፣ እንዲሁም ካካዎ፣ በሕጉ ተለይተው ከዚህ ክፍያ ወጥተዋል። ኔስሌ የተባለው ኩባንያ በወተት እየተበጠበጠ የሚጠጣ ኔስኩዊክ የሚባል ዱቄት ይሸጣል። የቸኮሌቱ ዱቄት ካካዎ ስላለበት ታክስ የለበትም፤ የእንጆሪውና የሙዙ ዱቄት ግን 20 በመቶ ይከፈልባቸዋል። ኩባንያው ለገዢው አንድ ዓይነት አገልግሎት የሚሰጡ ዕቃዎች በታክስ ሊለያዩ አይገባም ብሎ ቢከራከርም በመጀመሪያው ችሎት ተረታ፤ ይግባኙም በ2018 ውድቅ ሆነበት። እንግዲህ ሁለት ልጆች ያሏት እናት ቸኮሌት ለሚወደው ልጇ ያለ ታክስ፣ እንጆሪ ለምትወደው ልጇ ከነታክሱ ትገዛለች ማለት ነው። ስኳሩ ግን በሁለቱም ዱቄት ውስጥ አለ። ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚሸጠው የእንጆሪ ወተት ደግሞ ከታክሱ ነፃ ነው።

በዚሁ አገር ስኳር በበዛባቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ የተለየ ቀረጥ ተጥሏል። ከ100 እጅ 75ቱ ወይም ከዚያ በላይ ወተት የሆነ መጠጥ ግን ካልሲየሙ ለልጆች አጥንት ይጠቅማል ተብሎ፣ ስኳሩ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ያን ጊዜ ከቀረጡ ነፃ ተደረገ። በኖቬምበር 2025 ግን መንግሥት ይህ ነፃነት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2028 ጀምሮ እንዲቀር መወሰኑን አስታወቀ። ከወተቱ ውስጥ በተፈጥሮ ላለው ስኳር ታስቦ የሚቀነስ ሲሆን፣ ቀረጡ የሚያነጣጥረው ፋብሪካው በጨመረው ስኳር ላይ ነው።

ከእነዚህ ክርክሮች አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ግብሩ ቀለለ ማለት መጠጡ ለልጅ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ግብሩ ከበደ ማለትም ይጎዳል ማለት አይደለም። በሕንድም ሆነ በእንግሊዝ ዳኞቹ የተጠየቁት የሕጉን ቃል እንዲፈቱ እንጂ የልጁን ጥርስ እንዲመረምሩ አይደለም። ይህን የሚመረምረው የቤት ሰው ነው።

ታዲያ እናቶች ምን ማድረግ ይገባናል? በመጀመሪያ ከእሽጉ ላይ የተጻፈውን እናንብብ። በ100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ውስጥ በተፈጥሮው 5 ግራም ያህል ስኳር አለ። ይህ ከጉዳት አይቆጠርም። በእሽጉ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 9 ግራም ስኳር ተብሎ ቢጻፍ፣ 5ቱን ስንቀንስ የተጨመረው 4 ግራም ያህል ይሆናል። ባለ 250 ሚሊ ሊትሩን ጠርሙስ የጠጣ ልጅ እንግዲህ 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል የተጨመረ ስኳር ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 1,400 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ ከ35 ግራም በታች ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻውን ከዚህ ከሩብ በላይ ይወስዳል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጣፋጩን የለመደ ልጅ በአንድ ቀን ተው ቢሉት እሺ አይልም። ስለዚህ ግማሹን ከተራ ወተት ጋር እየቀላቀሉ መስጠትና ጣፋጩን ቀስ በቀስ እየቀነሱ መሄድ ይሻላል። ሦስተኛ፣ ጣዕም ያለውን ወተት ለተለየ ቀን እናቆየው፤ ለዘወትር ተራው ወተት ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ግብር የሚያወጡ ክፍሎችም ከዚህ ሊማሩ ይገባል። መስመሩ መሰመር ያለበት በእንጆሪና በካካዎ መካከል ሳይሆን፣ ስኳር ባልተጨመረበትና በተጨመረበት መካከል ነው። እንዲያ ሲሆን ተራው ወተት ለሠራተኛው ቤተሰብ አቅም ይቀርባል፤ ፋብሪካውም ስኳሩን ለመቀነስ ምክንያት ያገኛል፤ እናትም በዋጋው ብቻ ሳትታለል ለልጇ የሚበጀውን ለመምረጥ ትችላለች።