መጽሐፉና ሞተሩ ይተዋወቃሉ?

ገዳሪፍ ከተማ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ የሃይሉክስ መጠገኛ መጽሐፍ ይዞ መጣና «ቲቸር፣ እንግሊዝኛውን ያስረዱኝ» አለኝ። እናቱ ወርቋን ሸጣ ያገዘችውን አሮጌ መኪና ራሱ ሊፈታ ነው። ገልጬ ባየው የሚያወራው ስለ ቤንዚን ሞተር፤ የሱ መኪና ደግሞ ናፍጣ! አሮጌ መኪና ላይ ሞተር ስለሚቀየር የመኪናው ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ አይበቃም። ሞተሩን ጥረጉና የተቀረጸበትን ቁጥርና ፊደል ገልብጣችሁ ሂዱ። የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ናፍጣ ሞተሮች ሲያዩዋቸው ወንድማማች ናቸው፤ የሲሊንደራቸው ስፋት ግን 92፣ 96 እና 99.5 ሚሊ ሜትር ነው። በተሳሳተው ገጽ ፒስተን ከገዛችሁ አይገባላችሁም። ፎቶ ኮፒ ከሆነም የልኩ ሰንጠረዥ መነበቡን እዩ፤ 3 እና 8 የማይለዩበት አጋጥሞኛል።

ደግነቱ ልጁ መጽሐፉን ግሪስ አላስነካውም ነበር፤ ባለሱቁ ለወጠለት።