ቅጂ ተማሪ አይደለም

«የሽማግሌዎቹን ዜማ በስልክ ቀድተን አፕ ላይ ብንጭነው እኮ ባህሉ ዳነ ማለት ነው» የሚለኝ ሰው ሆሳዕና ውስጥ አላጣም። ሶፍትዌር ስለምሠራ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። አፑን መሥራት ከባድ አይደለም። ሐሳቡ ግን ስህተት ነው። ሁሉም የሚወደውም ለማንም ደሞዝ ክፈሉ ስለማይል ነው።

የበገናውን ሊቅ የዓለሙ አጋን ሕይወት እንይ። እ.ኤ.አ. በ1950 እንጦጦ ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና መማር ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጂኦግራፊ አጠኑ፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም 7 ዓመት በገና አስተማሩ። በደርግ ዘመን ግን መንፈሳዊ ዜማ ከአደባባይ ተገፋ፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1980 ማስተማሩን ትተው ፒያሳ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ።

ይሄን ታሪክ ስናወራ «ጽናት» እንለዋለን። እኔ ብክነት ነው የምለው። መምህሩ አሉ፣ እጃቸው ጤነኛ ነው፤ የጠፋው የሚያስተምሩበት ወንበር ነው።

በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ፣ በ11ኛው ቅጽ፣ በገናቸው ዓለምን ዞረ። ደስ ይላል። ግን ሲዲ የተማሪን ጣት አያርምም። በገና 10 አውታር አለው፤ ያን የሚያነዝር ድምፅ የሚሰጡት በአውታሩና በሚያርፍበት እንጨት መካከል የሚገቡ ትንንሽ ቆዳዎች ናቸው። ቆዳው ከቦታው ትንሽ ከሳተ ንዝረቱ ይጠፋል። ይሄ የሚለመደው መምህር አጠገብ ተቀምጦ፣ ተሳስቶ፣ «እንደገና» እየተባለ ነው።

ማሊን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው ቱማኒ ዲያባቴ 21 አውታር ያለውን ኮራ ይዞ እስከ ግራሚ ሽልማት ደርሷል። አባቱ ሲዲኪ የኮራ ሊቅ ነበር፤ በአያቱ ስም የተጠራው ልጁ ሲዲኪም ኮራ ይጫወታል። እዚያ ሙያው የሚኖረው በየአዝማሪው ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ አንድ ሚኒስቴር በአንድ ደብዳቤ ሊዘጋው አይችልም። በእኛ ሙያ ሁሉን ነገር አንድ ሰርቨር ላይ የሚሰቅል ሰው ይወቀሳል። እኛ ግን ስንት ዘመን የኖረ ሙያ አዲስ አበባ ባለ አንድ ወንበር ላይ ሰቅለን፣ ወንበሩ ሲነሳ ገረመን።

«በገና የኦርቶዶክስ ነው፣ ሐዲያንና ከምባታን ምን አገባቸው?» የሚል ይኖራል። የማወራው ስለ ወንበሩ ነው። በሐዲይሳና በከምባትሳ የሚያዜሙ አዛውንቶቻችን መጀመሪያውኑ ወንበር አልነበራቸውም። ለበዓል እንጠራቸዋለን፣ መድረክ ላይ እናወጣቸዋለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ በቃ፣ እስከ ከርሞ ደህና ሁኑ!

ሆሳዕና እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የክልል መቀመጫ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ አለ። ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው፦ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ አንድ አንድ ክፍል፤ በሰዓት የሚከፈላቸው አንድ አንድ አዛውንት፤ አምስት አምስት ተማሪ። በጀቱ ከየት ይምጣ? ለበዓሉ ድንኳን፣ ቲሸርትና ባነር ከሚወጣው ተቀንሶ።

አፑንም እሠራለሁ፣ ያውም በነፃ። ግን መጀመሪያ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር አምጡልኝ።