የመጻጉዕ ሰንበት ምን ይጠይቀናል?

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው ጨዋታ አንድ ዓይነት ነው። በያይነቱ የሚጣፍጠው የትኛው ምግብ ቤት ነው፣ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም፣ ለፋሲካ በግ ዋጋው ስንት ይገባ ይሆን እየተባለ ይወራል። ከሥጋና ከወተት መከልከል አባቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት ስለሆነ እኛም እናከብረዋለን። ነገር ግን ጾሙ የምግብ ነገር ብቻ ሆኖ የቀረ እንደሆነ፣ ሆድ ሲጾም ልብ ባለበት እንዳይቀር እንሰጋለን።

ቤተ ክርስቲያን ለእነዚህ 55 ቀኖች ሌላ መሪ ሰጥታለች። የጾሙ ሰንበቶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና ይባላሉ። ስማቸው የተገኘው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ከሆነው ከጾመ ድጓ ነው። በዚህ ወራት ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ይቀርባል። ይህ ጸጥታ ምእመኑ የሳምንቱን ስም እንዲያስብበት ጊዜ የሚሰጥ ይመስለናል። ዛሬ ከስምንቱ አራተኛውን፣ መጻጉዕን ብቻ እናንሣ።

መጻጉዕ ማለት ድውይ፣ ሕመም የጸናበት ሰው ማለት ነው። ታሪኩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ይገኛል። በኢየሩሳሌም በአንዲት መጠመቂያ አጠገብ፣ 38 ዓመት የታመመ ሰው ከብዙ ሕሙማን ጋር ተኝቶ ነበር። ውሃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድን ነበርና ሁሉም ያንን ሰዓት ይጠባበቃል። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው ሰውየው ስለ ደዌው ክፋት አላወራም። ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው፣ ሌላው ሁልጊዜ እንደሚቀድመው ተናገረ።

እንግዲህ ልብ እንበል። በዚያ የተሰበሰቡት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ አልተባለም። እያንዳንዱ የራሱን መዳን ሲሻ የጎረቤቱን ሕመም ለማየት ጊዜ አጣ እንጂ። የዘመናችን ጸሎትስ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ሥራ እንዲገኝ፣ ቪዛ እንዲመታ፣ ፈተና እንዲታለፍ ይጸለያል። ይህ መጸለዩ ነውር አይደለም። ሆኖም ሁሉም የየራሱን ጉዳይ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢሮጥና ማንም የማንንም ስም ባይጠራ፣ ያቺ መጠመቂያ በእኛም ዘንድ አለች ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች ከሩቅ አገር ለሕክምና የመጡ ብዙ ሕሙማን ይተኛሉ። አንዳንዱ ዘመዶቹ በመንገዱ ርቀትና በገንዘብ እጦት ምክንያት ሊከተሉት አልቻሉም። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ የጎረቤቱ አልጋ በሰው ሲከበብ እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ጊዜ የለንም የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ የምሳ ሰዓቱ ባዶ ነው፤ የምሳው ገንዘብም በኪሱ ነው። ከሳምንቱ አንዱን ቀን መርጦ፣ የሆስፒታሉን ደንብ ጠብቆ፣ ጥቂት ብርቱካን ይዞ ብቅ ቢል ምን ይጎድልበታል? ሲሄድም ምክር አያብዛ፤ ስለ በሽታው አይመርምር፤ ሕመምተኛውን የሚያደክም ረጅም ጨዋታም አይጀምር። እግዜር ይማርህ ብሎ አጠገቡ ትንሽ መቀመጥ ይበቃል። ከመነሣቱ በፊት ግን ፈቃዱ ከሆነ የክርስትና ስሙን ይጠይቀው። ማታ ለጸሎት ሲቆም ከራሱ ጉዳይ አስቀድሞ ያንን ስም ይጥራ።

ከመጻጉዕ ቀጥሎ የሚመጣው ሰንበት ደብረ ዘይት ነው፤ የጌታ ዳግም ምጽአት ይታሰብበታል። ስለዚያ ፍርድ የሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከሚያነሣቸው ነገሮች አንዱ የታመመን የመጠየቅ ጉዳይ ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣን ብዙ ስላልቆየን የፈተናን ነገር እናውቃለን። ጥያቄው ከፈተናው አንድ ሳምንት አስቀድሞ የሚነገርበት ትምህርት ቤት ግን አላየንም። ቤተ ክርስቲያን ይህን አድርጋልናለች። ጥያቄው ከተነገረን በኋላ ሳይዘጋጁ መቅረብ የማን ጥፋት ይሆናል?

በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። በመጻጉዕ ሳምንት እያንዳንዳችን ሰው የሌለውን አንድ ሰው እንፈልግ። ለፋሲካ ስንደርስ ማዕዳችን ቢሞላም ባይሞላም፣ በጸሎታችን ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ አንድ ስም ይኑር።