የጠላት ፊት በኔሚሮቭስኪ ልቦለድ

«ስዊት ፍራንሴዝ» የተባለውን የኢሬን ኔሚሮቭስኪን ልቦለድ አንብበው፥ ደራሲዪቱ ለወራሪው ጀርመናዊ መኮንን የሰው ፊት፥ የሰውም ልብ ስለ ሰጠችው የሚያዝኑባት ሰዎች አሉ። እኔ ግን የመጽሐፉ ታላቅነት በዚሁ ላይ የቆመ ነው እላለሁ።

በ1903 (እ.ኤ.አ.) በኪየቭ ከአይሁድ ወገን ተወልዳ፥ ከሩሲያ አብዮት ሸሽታ በፈረንሳይ የተጠጋች፥ በድርሰቷ ስመ ጥር ከሆነች በኋላ እንኳ ዜግነት የተነፈገች ይህች ሴት፥ መጽሐፉን የጻፈችው ኢሲ ሌቬክ በምትባል መንደር ተቀምጣ፥ ወረቀት እንዳያልቅባት ፊደሉን እያደቀቀች ነው። በጀርመን ለተሸነፈው የፈረንሳይ ሕዝብም አላደላችም፤ በምጽዋቷ የምትመካው ወይዘሮ ፔሪካን ከጦርነቱ ስትሸሽ ገንዘቧና ጌጧ አብረዋት መሆናቸውን ካረጋገጠች በኋላ ነው፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉትን ሽማግሌ የባሏን አባት ረስታ መሄዷ ትዝ የሚላት።

በሁለተኛው ክፍል፥ ባሏ የተማረከባት ሉሲል በምትኖርበት ቤት የተመደበው ጀርመናዊ መኮንን ብሩኖ ፎን ፋልክ ጨዋ ነው፤ ፒያኖ ይመታል፤ የዜማ ደራሲም ነው። ልቧ ወደ እርሱ ሲያዘነብል፥ ሌላ ጀርመናዊ መኮንን ገድሎ የሚታደነውን ገበሬ በዚያው ጣራ ሥር ትሸሽጋለች። ብሩኖ አውሬ ሆኖ ቢሣል ኖሮ፥ ስለ ሠራው ሥራ ማን ይጠይቀው ነበር? አውሬን በችሎት የሚያቆም የለም። ኅሊና ያለው፥ ርኅራኄን የሚያውቅ ሰው የታዘዘውን ሁሉ እሺ ብሎ ሲፈጽም ማሳየት ግን፥ ከማናቸውም ርግማን የከበደ ምስክርነት ነው። ደራሲዪቱም ኋላ ይህንኑ በሥጋዋ ቀመሰችው፤ ሐምሌ 13 ቀን 1942 (እ.ኤ.አ.) መጥተው የያዟት የፈረንሳይ ዣንዳርሞች ናቸውና። በአውሽቪትዝ በ39 ዓመቷ ሞተች፤ ለጀርመን አምባሳደር ደብዳቤ ጽፎ የተማጠነላት ባሏም በዚያው ዓመት ተከተላት። ልቦለዱ የተጻፈበት፥ ልጇ ያኖረችው ደብተር ታትሞ የወጣው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ የአይሁድ መከራ አይታይም የሚለው ወቀሳ ከባድ ነው፤ እኔም ባነበብሁት ቍጥር ጕድለቱ ይሰማኛል። ከታሰቡት አምስት ክፍሎች ግን የተፈጸሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሳትጽፋቸው በተወሰደችባቸው በሦስቱ እርሷን መክሰስ ፍትሕ አይመስለኝም።